ሁሉም ወፍ ግሪሳ አይደለም

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲዘልቅ መንገደኛው የሚያየው የማሽላ አገር ነው። የሀብሩ ወረዳ መሬት ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ ወደ አፋር ክልል ዝቅ እያለ ይሄዳል። ማሽላው ወተት ከሚቋጥርበት ከመስከረም ጀምሮ ዛላው ተቆርጦ አውድማ እስኪገባ ድረስ የአርሶ አደሩ ቤተሰብ ከማሳው አይርቅም። በየማሳው መሀል ማማ ይቆማል። ልጁም አዋቂውም ወንጭፉንና ጅራፉን ይዞ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ይመለሳል። ይህ ሁሉ ድካም ክብደቷ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር የማይሞላ አንዲት ወፍን ለመከላከል ነው፤ ግሪሳን።

ይሁንና በዚያው ሜዳ፣ በማሳው ድንበር፣ በግጦሹና በቦዩ ዳር ግሪሳ ያልሆኑ ብዙ ዓይነት ትናንሽ ወፎች ይኖራሉ። ከፊሎቹ እህል የሚባል ነገር አይነኩም፤ ምግባቸው አባጨጓሬ፣ ፌንጣና ጥንዚዛ ነው። ሌሎቹ ከሩቅ አውሮፓና እስያ መጥተው ክረምታቸውን እዚህ የሚያሳልፉ እንግዶች ናቸው። ከማማ ላይ ሆኖ ለሚያያቸው ግን ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ቡናማ ስለሚመስሉ ስማቸው አንድ ይሆናል። ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። ግሪሳን በጊዜ ያልለየ አርሶ አደር በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓመት ልፋቱን ሊያጣ ይችላል፤ ሌላውን ወፍ ግሪሳ ነው ብሎ ያሳደደ ደግሞ ተባዩን የሚለቅምለትን ረዳቱን ያባርራል።

ለመለየት የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። ትዕግሥት፣ የማለዳ ብርሃንና ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ያለው የስልክ ካሜራ ይበቃሉ።

ግሪሳ ምን ዓይነት ወፍ ነው?

ግሪሳ ርዝመቱ ከ12 ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ ክብደቱም ከ15 እስከ 25 ግራም ገደማ የሆነ ወፍ ነው። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1758 ጀምሮ በሳይንሳዊ ስሙ መዝግበው ያውቁታል። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባሉ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። በቁጥሩም በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ የሚበልጠው የለም ይባላል፤ ለመራባት የደረሱት ብቻ አንድ ቢሊዮን ተኩል ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። ይህ ለጆሮ ቀላል ይመስላል። ሒሳቡን በኩንታል ሲያደርጉት ግን መልኩ ይለወጣል። 10 ሺህ ወፍ በቀን አንድ ኩንታል ይበላል ማለት ነው። መቶ ሺህ ወፍ ያለበት መንጋ በቀን 10 ኩንታል፣ በ10 ቀን ደግሞ 100 ኩንታል ይጨርሳል። ሁለት ሚሊዮን የደረሰ መንጋ የአንድ ቀን ቀለቡ 200 ኩንታል ነው። መንጋው እየቆረጠ መሬት ላይ የሚጥለው በዚህ ላይ ይጨመራል።

ግሪሳ ግን ዓመቱን ሙሉ በሰብል ላይ የሚኖር ወፍ አይደለም። ዋና ምግቡ የዱር ሣር ዘር ነው። ሣሩ ዘር በሚሰጥበት ወቅት በሜዳው ይሰማራል። ዝናብ ጥሎ መሬት ላይ የረገፈው ዘር ሲበቅልበት ወይም ሣሩ ተግጦና ታርሶ ሲያልቅ ቀለብ ፍለጋ ይነሣል። ጫጩቶቹንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመግበው ነፍሳትን ነው።

አንድ ቦታ ረግቶም አይቀመጥም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት ግሪሳ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቦታ በላይ እንደሚራባ አሳይቷል። ዝናቡን ተከትሎ በአንዱ ስፍራ ይፈለፍላል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሻገርና እንደገና ጎጆ ይሠራል። ዕንቁላሉን ለመታቀፍ ከ10 እስከ 12 ቀን ይበቃዋል። ከጎጆ ሥራ እስከ ጫጩቶቹ ራስን መቻል ያለው ጊዜ በጠቅላላ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ እሾሃማ ግራር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎጆዎች ሊንጠለጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ በሀብሩ ማሳ ላይ በጥቅምት የሚያርፈው መንጋ የተፈለፈለው እዚያው መንደር ላይሆን ይችላል። መንጋው የት እንዳደረና ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ምንቁሩን ማየት

ለአርሶ አደር የሚበቃ አንድ ቀላል መመሪያ አለ፤ ከላባው በፊት ምንቁሩን ማየት ነው። አጭር፣ ወፍራምና እንደ ሾጣጣ ቆብ የሆነ ምንቁር ዘር ለመሰንጠቅ የተሠራ ነው። ቀጭንና ሹል ምንቁር ነፍሳትን ለመልቀም ነው። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ከሆነ ወፉ አዳኝ ነው። በዚህ ብቻ በማሳው ካሉት ወፎች ብዙዎቹን ከተጠርጣሪነት ነጻ ማድረግ ይቻላል።

የግሪሳ ምንቁር ወፍራምና ቀይ ነው። በመራቢያ ወቅት የወንዱ ፊት በጥቁር ይሸፈናል፤ የጭንቅላቱና የደረቱ ላባ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቢጫ ይለወጣል። በዚያው ወቅት የሴቷ ምንቁር ቢጫ ይሆናል። ከመራቢያ ወቅት ውጭ ወንዱም ሴቷም እንደ ቤት ድንቢጥ ቡናማና ሽርጥርጥ ስለሚሆኑ መለያቸው ቀዩ ምንቁር ነው።

ቀይ ምንቁር ያለው ሁሉ ግን ግሪሳ አይደለም። በሣርማ ቦታ የምትታይ፣ ወንዱ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ጅራቱ ከራሱ አካል የሚረዝም ትንሽ ወፍ አለች። የእርሷም ምንቁር ቀይ ነው። በጓሮና በደጃፍ እየዞረች ፍርፋሪ ዘር የምትለቅም ቀላ ያለች በጣም ትንሽ ወፍም ምንቁሯ ቀይ ነው። እነዚህ በጥቂት ቁጥር የሚኖሩ፣ የሣር ዘር የሚመገቡ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ሌላው ወፍ በክረምት ወንዱ እንደ ፍም ቀይና ጥቁር ሆኖ በሣሩና በማሽላው ላይ እያበጠ የሚበረው ነው። ክረምቱ ሲያልፍ ቀዩን ልብሱን ያወልቅና ከሴቷ ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ ይሆናል። ያን ጊዜ ከግሪሳ ለመለየት ያስቸግራል፤ ምንቁሩ ግን ቀይ አይደለም። እህል ይበላል፤ ነገር ግን እንደ ግሪሳ ሰማይ የሚያጠቁር መንጋ አይሠራም።

የመንጋው አካሄድም ምልክት ነው። ግሪሳ እንደ ጢስ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ እንደ አንድ አካል ይታጠፋል። ማሳ ላይ ሲያርፍ ከኋላ ያሉት ከፊተኞቹ በላይ እየዘለሉ ስለሚያልፉ መንጋው የሚንከባለል ይመስላል። ሌሎቹ ወፎች አምስት ወይም አሥር እየሆኑ ይበተናሉ።

በአንጻሩ ቀጭን ምንቁር ያላቸውን ማየት ያስደስታል። ከመስከረም ጀምሮ ከከብቶች እግር ሥር የማይጠፋ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ ጅራቱን ሽቅብ ቁልቁል የሚያወዛውዝ ወፍ አለ። ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥቶ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ከብቶቹ የሚያስነሡትን ዝንብና ፌንጣ ይለቅማል። በአጥር ጫፍና በሽቦ ላይ ብቻውን የሚቀመጠው ጥቁርና ነጭ ወፍ ምንቁሩ መንጠቆ ነው፤ ፌንጣና ትልልቅ ጥንዚዛ ያድናል። በሣሩ ውስጥ ተደብቆ ድምፁ ብቻ የሚሰማው ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጠው ወፍም ነፍሳት በል ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮሃለች እንዲሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ ዜማ አለው። ዜማውን የለየ ሰው ወፉን ሳያየው ያውቀዋል።

በስልክ ካሜራ እንዴት ይነሣል?

የሣር ሜዳ ወፍን ፎቶ ማንሳት እንደ ዛፍ ወፍ አይደለም። መሸሸጊያ ስለሌለ ወፉ ሰውን ከሩቅ ያያል። ስለዚህ ዋናው ነገር ወደ ወፉ መሄድ ሳይሆን ወፉ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የሣር ወፎች ለመዝፈን ከሣሩ ከፍ ያለ ነገር ይፈልጋሉ፤ የደረቀ አገዳ፣ የአጥር እንጨት፣ ድንጋይ ወይም ኩይሳ። ወፉ ከአንድ መቀመጫ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። መቀመጫውን ያወቀ ሰው ጥቂት ርቀት ላይ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ሥራው ተጋመሰ ማለት ነው።

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ወፉም በምግብ ላይ ነው። ፀሐይን ከጀርባ ማድረግ ያስፈልጋል። ፀሐይ ከወፉ በስተኋላ ከሆነች ፎቶው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ከጥላ ደግሞ ምንቁር አይለይም። ነጭ ልብስና ነጭ ነጠላ ከሩቅ ስለሚታዩ አፈር የሚመስል ልብስ ይሻላል። ወፎች ከብትን ስለለመዱ ከመንጋ ጋር ቀስ ብሎ የሚሄድ እረኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጠጋቸዋል። የቆመ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ያለ ሰውም በእግሩ ከቆመው ይልቅ ብዙም አያስደነግጣቸውም።

ተራ ስልክ ሩቅ ያለን ወፍ አጉልቶ ለማንሳት አቅም ያንሰዋል። በስክሪኑ ላይ ከመጠን በላይ ማጉላት ምስሉን ያደበዝዘዋል። የሚሻለው የስልኩን ካሜራ በአቅራቢ መነጽር ዓይን ላይ ገጥሞ ማንሳት ነው። መነጽሩን በማማው ግንድ ላይ ወይም በድንጋይ ላይ ማስደገፍ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል። መነጽር ከሌለ በተከታታይ ብዙ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም የጠራውን መምረጥ ይበጃል። መንጋ ሲሆን ግን ከፎቶ ይልቅ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይሻላል፤ አካሄዱና ብዛቱ የሚታየው በቪዲዮ ነው። ትልቅ ካሜራ ያለው ሰው 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስና ከሰከንድ አንድ ሺህኛ የማይዘገይ ፍጥነት ቢጠቀም የሚበር ወፍም አይበላሽበትም።

ለመለያ የሚሆን ፎቶ የሚያምር መሆን አይጠበቅበትም። ምንቁሩ ከጎን፣ ፊቱ፣ ደረቱና ጅራቱ ከታዩ በቂ ነው። ከፎቶው ጋር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጎጡ ስም፣ የሰብሉ ዓይነትና ያለበት ደረጃ ቢጻፍ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። አሜሪካ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ቤተ ሙከራ ያዘጋጀው መርሊን የተባለ ነጻ የስልክ መተግበሪያ ፎቶውን አይቶ የወፉን ዓይነት ይጠቁማል። መረጃው አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ይሁን እንጂ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከባለሙያ ዓይን ጋር መመሳከር አለበት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘነጋም። ወፍ ጎጆ ላይ እያለች መጠጋት፣ ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ ወይም ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት አይገባም። እናቲቱ ከዕንቁላሏ ከራቀች በቀትር ፀሐይ ጎጆው ባዶ ይቀራል።

ፎቶው ከስልክ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት

ይህ ሁሉ ጥረት ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። የግሪሳ መንጋ በማማና በወንጭፍ ከሚመለስበት መጠን ሲያልፍ የመጨረሻው አማራጭ በአውሮፕላን የሚደረግ የኬሚካል ርጭት ነው። በዚህ ሥራ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የሚሰለፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመውና ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከአንበጣ በተጨማሪ የተምችና የግሪሳ ወፍ መከላከልም በኃላፊነቱ ውስጥ ነው።

ርጭቱ የሚደረገው ቀን ወፉ በበላበት ማሳ ላይ ሳይሆን ማታ ተሰብስቦ በሚያድርበት ቦታ ነው። የሚያድረው በጥቅጥቅ ግራር ወይም በፊላ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማደሪያው ከሚበላበት ማሳም ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ለባለሙያው ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ የማደሪያው ቦታ ነው። ይህን ለማግኘት አርሶ አደሮች መተባበር ይችላሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መንጋው የሚበርበትን አቅጣጫ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ያሉ ሰዎች ቢመዘግቡ፣ ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ስፍራ የማደሪያው ሰፈር ነው። በስልክ ላይ ያለው የቦታ መጠቆሚያ ቀሪውን ይሠራል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አካባቢው አዲስ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ መንጋ ሀብሩን ጨምሮ የሰሜን ወሎ ወረዳዎችን ሲወር የደረሰ ማሽላና ጤፍ በመንጋው ተበልቷል። በዚያው የወረራ ዘመን የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ማንም ሰው አንበጣን በስልኩ አንሥቶ ከነቦታው የሚልክበትን መተግበሪያ ለተጠቃሚዎች አቅርቦ ነበር። ለአንበጣ የሠራው አሠራር ለግሪሳም የማይሠራበት ምክንያት የለም። ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር የሚገናኝ የአንድ ቀበሌ የቴሌግራም ቡድን ለመጀመሪያው ይበቃል።

ትክክለኛ መለየት የሚያስፈልገው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። ለግሪሳ ርጭት ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል የቆየው ፌንቲዮን የተባለው ኬሚካል ወፍን ከወፍ አይለይም። በማደሪያው ያሉትን ሌሎች ወፎች ይገድላል። የሞተውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትና ጉጉትም ይመረዛል፤ ጉጉቱ ሲሞት ደግሞ አይጡ ይበዛል። ከርጭት በኋላ የወደቀ ወፍን ሰው መብላት፣ ለዶሮ መስጠትም ሆነ ልጆች እንዲለቅሙት መተው የለባቸውም። ግሪሳ ያልሆነ መንጋ ያደረበት ቦታ በስሕተት ቢረጭ ጉዳቱ ሁሉ ያለ ጥቅም ይቀራል።

ወፍን በጅምላ ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል ዓለም ከቻይና ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1958 ቻይና ድንቢጥን ከአራቱ የሕዝብ ጠላቶች አንዷ አድርጋ ዘመቻ ከፈተች። ድንቢጦቹ ሲያልቁ ሰብል በል ነፍሳት በዙ። እ.ኤ.አ. በ1960 ድንቢጥ ከጠላቶቹ ዝርዝር ወጥታ በቦታዋ ትኋን ገባች።

ሣሩ ከሄደ

ከማሳው ባሻገር የቀረው ጥያቄ የሣሩ ነው። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች የሚገኙባት አገር ናት። ከእነዚህ ውስጥ ከሣር ሜዳ ውጭ መኖር የማይችሉት ዛሬ በጣም ተጨንቀዋል። በነገሌ ቦረና አቅራቢያ በሊበን ሜዳ የሚኖረው የሊበን ላርክ የሚባለው ወፍ ለዚህ ምስክር ነው። ሣሩ ከመጠን በላይ ሲጋጥ፣ ቁጥቋጦ ሲወርረውና ሲታረስ ወፉ እጅግ ተመናምኖ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከዋናው የአፍሪካ ምድር በታሪክ ተመዝግቦ የሚጠፋ የመጀመሪያው ወፍ እንዳይሆን ሠግተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው አርብቶ አደሮች ጋር ሆኖ ሣሩን በ«ካሎ» ማጠር ሲጀምር ያገገመው የወፉ መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ ለድርቅ ጊዜ የሚሆን የከብት መኖም ተገኘ።

በአማራ ክልል ደግሞ የመንዝ ጓሳ አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ደጋ ከ400 ዓመት በላይ በ«ቀሮ» ሥርዓት ተጠብቋል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይከለከላል፤ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለመኖ በሕግ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቋረጥም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። እዚያ ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ በጥቁር ሐብል የተከበበ፣ የኋላ ጥፍሩ ረጅም የሆነ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ሜዳዎች በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የሣር ወፍ ይኖራል። በእንግሊዝኛ ስሙ አቢሲኒያን ሎንግክሎ ይባላል።

ለሀብሩ ትምህርቱ ግልጽ ነው። የዱር ሣር ዘር የግሪሳ የራሱ ቀለብ ነው። ግጦሹ ሁሉ ታርሶ፣ ድንበሩም ተላጭቶ ሲያልቅ በሜዳው የቀረው ብቸኛ ዘር ማሽላው ይሆናል።

ከማሳ የሚጀመር ሥራ

እስከዚያው አርሶ አደሩ በእጁ ያሉ መላዎች አሉት። ከጎረቤቶች ጋር በአንድ ጊዜ መዝራት ዋናው ነው። ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ለብቻው የደረሰ ማሳ የመንጋውን ሁሉ አፍ ይሸከማል፤ አብሮ የደረሰ ሜዳ ግን ጉዳቱን ይካፈለዋል። የደረሰውን ሳያሳድሩ መሰብሰብ፣ በሰብሉ ውስጥ ያለውን የሣር አረም ዘር ሳይቋጥር ማረም፣ በነፋስ የሚጮኹና የሚያብረቀርቁ ክሮችን መዘርጋት ይረዳል። የዝርያ ምርጫም ድርሻ አለው። ፍሬያቸው ቀላ ያለና የሚያሳክኩ ማሽላዎችን ወፍ ሌላ ምርጫ ካገኘ አይደፍራቸውም፤ ለእንጀራ ግን ነጩ ይወደዳል። በወረዳው የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ግራና-1ን የመሳሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣ ተቋም በመሆኑ የቱ ዝርያ ለየትኛው ቀበሌ ቶሎ እንደሚደርስ ለመጠየቅ ከእርሱ የሚቀርብ የለም።

በመርሳ የግብርና ካምፓስ ያለው ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አለው። ተማሪዎች በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሀብሩንና የጉባ ላፍቶን ማሳዎች እየዞሩ ወፎችን በፎቶ ቢመዘግቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግሪሳ መቼ እንደሚደርስ፣ የት እንደሚያድርና ከማን ጋር እንደሚቀላቀል የሚያሳይ የአካባቢው መዝገብ ይኖራል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የግሪሳና የሌሎቹን ወፎች ምስል ጎን ለጎን ያደረገ አንድ ገጽ አትመው በየአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ቢለጥፉ ወጪው ከአንድ ሊትር ኬሚካል አይበልጥም።

በመጪው መስከረም ማማ የሚወጣ ሰው ከወንጭፉ ጋር ስልኩን ይያዝ። መጀመሪያ ምንቁሩን ይይ፣ ያንሣ፣ ቀኑንና ቦታውን ይመዝግብ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይላክ። ወንጭፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።